የመሥሪያ ቤታችሁን የመብራትና የናፍጣ ወጪ እንዴት ትቀንሳላችሁ? ከቆጣሪው እስከ ጀነሬተሩ

«የመብራት ሂሳባችን ናረ። ሶላር ብናስገባ ይሻላል?»

ይህን ጥያቄ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም፣ ከገጠር ወረዳዎችም እሰማዋለሁ። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ የጠቅላላ አገልግሎትና የፋይናንስ ሠራተኞች ናቸው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ አሁን በጽሑፍ አስቀመጥኩት። ሶላር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቆጣሪው ይታያል፣ ከዚያ ጀነሬተሩና መኪናው።

መመሪያው ለወረዳና ለዞን ጽሕፈት ቤቶች፣ ለማዘጋጃ ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ አስተዳደር ይሆናል። መሐንዲስ መሆን አያስፈልጋችሁም። መደመርና ማባዛት፣ አንድ ደብተር፣ ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚያስፈልግበትን ቦታ እየለየሁ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ

የአገራችን ዋና መስመር ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ አንድ አምፖል ስታጠፉ ብር ትቆጥባላችሁ፣ መስመሩንም ታቀልላላችሁ። ጭሱ ግን በብዛት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጀነሬተሩና መኪናው ውስጥ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ቤንዚን ሲሆን ወደ 2.3 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላ፣ እንዴት 2.7 ኪሎ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ስለሚይዝ ክብደቱ ይጨምራል።

ይህን የምነግራችሁ ሥራውን በትክክል እንድትከፋፍሉት ነው። መብራት ላይ የምትሠሩት ለብሩ ነው። ናፍጣ ላይ የምትሠሩት ለብሩም ለአየሩም ነው። አብዛኛው መሥሪያ ቤት አምፖል ላይ ሲከራከር ይውልና የመኪና ስምሪቱን ሳይነካው ያልፋል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ያለፉት 12 ወራት የመብራት ክፍያ ደረሰኞች፣ ወይም የካርድ ቆጣሪ ከሆነ የተሞላበት ቀንና መጠን
- ያለፉት 12 ወራት የነዳጅ ወጪ ሰነዶችና የመኪኖቹ የጉዞ መዝገብ
- ደብተርና እስክሪብቶ፤ ኤክሴል የሚችል ሰው ካለ እሰየው
- ሰዓት መቁጠሪያ ያለው ስልክ
- የጎማ አየር መለኪያ
- ለባለሙያው የአምፔር መለኪያ፤ መግዛት የለባችሁም፣ ሲመጣ ይዞ ይምጣ
- ለመስኮት ማስቲሽ፣ ለበር ሥር የጎማ ወይም የጨርቅ መዝጊያ
- ከኃላፊው የተፈረመ አንድ ገጽ ደብዳቤ

የመጨረሻዋን አትናቋት። ያለ ደብዳቤ ዘበኛው የሰው ቢሮ ገብቶ መብራት አያጠፋም፣ የስምሪት ሠራተኛውም የኃላፊ ጉዞ አያጣምርም።

1. የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ገጽ አስፍሩ

12 ወራቱን ወደ ታች ጻፉ። በእያንዳንዱ ወር ፊት ለፊት ሦስት ቁጥር አስቀምጡ፤ የኪሎዋት ሰዓት መጠን፣ የጀነሬተር ናፍጣ በሊትር፣ የመኪና ነዳጅ በሊትር።

ብርን ለብቻው ጻፉት፣ ማወዳደሪያ ግን አታድርጉት። የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ከፍ እያለ እንዲሄድ ተደርጓል። በብር ካወዳደራችሁ ፍጆታችሁ ቀንሶ ሳለ የጨመረ ይመስላችኋል። በኪሎዋት ሰዓትና በሊትር ካወዳደራችሁ ግን ቁጥሩ አይዋሻችሁም።

የተለየ ወር ካያችሁ ክበቡት። ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ከፍ ካለ ማሞቂያ ነው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ላይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከፍ ካለ የክፍል ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ነው። ዓመቱን ሙሉ እኩል ከሆነ ደግሞ ሌት ተቀን የማይጠፋ ነገር ሊኖር ይችላል። እሱን የሚያወጣው ቀጣዩ እርምጃ ነው።

2. የማታ ንባብ ውሰዱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1:00 ሰዓት፣ የቆጣሪውን ንባብ ጻፉ። በማግሥቱ ከጠዋቱ 12:00 ሰዓት እንደገና ጻፉ። ልዩነቱ ማንም ሳይሠራበት የነደደው ነው። የግቢ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሰርቨሩን ቀንሱለት። የተረፈው ብክነት ነው። ሦስት ሌሊት ደጋግሙት፤ አንዱ የቅዳሜ ወይም የእሑድ ሌሊት ይሁን።

እስከ ጠዋት መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ፈጣን መንገድ አለ። በዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 1600። ስልካችሁን አውጡና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደበራች ቁጠሩ። 16 ጊዜ በራች እንበል። በሰዓት 960 ጊዜ ነው። 960 ለ1600 ሲካፈል 0.6 ኪሎዋት ይሆናል። ያ ሕንጻ ባዶውን 600 ዋት እየበላ ነው። ከ1:00 እስከ 12:00 ባሉት 11 ሰዓታት 6.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ወደ 200 ማለት ነው።

አሁን አንድ ሰው ቆጣሪው ጋ ይቁም፣ ሌላው ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋ። ብልጭታው የቀዘቀዘበት መስመር ላይ ነው ሌባው ያለው። አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ስናደርግ ያገኘነው የተቆለፈ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ነበር። ክፍሉን የሚጠቀምበት ሰው አልነበረም። ቁልፉም ጠፍቶ ነበር። ማሞቂያው ግን ውሃውን እያፈላ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና እያፈላ ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ።

ትልቅ ሕንጻ ከሆነና ቆጣሪው የሚለካው በሲቲ (ትልቁን ኤሌክትሪክ ቀንሶ ለቆጣሪው በሚያሳይ መሣሪያ) አማካይነት ከሆነ፣ ንባቡ በማባዣ ቁጥር መባዛት አለበት። ማባዣውን ደረሰኙ ላይ ፈልጉ፣ ካጣችሁት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከሉን ጠይቁ። ይህን ሳያውቁ «ፍጆታችን ትንሽ ነው» ብለው የሚዘናጉ አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ብሬከር ከማጥፋታችሁ በፊት የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ ሰርቨር በየትኛው መስመር ላይ እንዳሉ እወቁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። የጤና ጣቢያ ብሬከር ያለ ፋርማሲ ወይም ክትባት ባለሙያው አይነካ። ሽፋኑን መክፈት ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ እናንተ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ነው የምትነኩት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተጎድተው የተጠገኑ ሕንጻዎች ላይ ለጊዜው ተብለው የተዘረጉ መስመሮች ካሉ መጀመሪያ እነሱን ባለሙያ ይያቸው።

3. ዕቃዎቹን በዋት ቁጠሩ

ክፍል ለክፍል ዙሩ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ዋቱ ተጽፏል። ስሌቱ አንድ ነው፤ ዋት በሰዓት ይባዛል፣ ለ1000 ይካፈላል።

መነሻ የሚሆኗችሁ የተለመዱ ቁጥሮች፦

- አሮጌው ቢጫ አምፖል 60 ዋት፤ ያንኑ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ 9 ዋት
- 1.2 ሜትር ፍሎረሰንት 36 ዋት፣ ከነባላስቱ (መብራቱ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ከሚመጥነው ዕቃ ጋር) ወደ 45፤ በምትኩ የሚገባው ኤልኢዲ 18
- ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ከ100 እስከ 150፤ ላፕቶፕ ከ30 እስከ 60
- ማራገቢያ ከ50 እስከ 75
- የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ1000 እስከ 2000
- የክፍል ማሞቂያ 2000
- የእንጀራ ምጣድ 3500 ገደማ

እስኪ አስቡት። አንድ ማሞቂያ 6 ሰዓት ሲሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ 8 ሰዓት ቢሠራ 0.4 ነው። አንዱ ማሞቂያ ሠላሳ ላፕቶፕ ነው ማለት ነው። የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ በላተኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት የሚሰጡትን ፈልጉ፣ ከዚያ ብርሃን የሚሰጡትን፣ ስልክ ቻርጀሩን መጨረሻ።

4. ገንዘብ የማይጠይቀውን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ

ኮምፒውተሮቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲተኙ አድርጉ። ስክሪን ላይ የሚንሳፈፈው ሥዕል ኃይል አይቆጥብም፤ ስክሪኑ እንደበራ ነው። የአይቲ ባለሙያው በአንድ ቀን ዞሮ ይጨርሰዋል።

ፎቶ ኮፒና ሌዘር ማተሚያ ውስጣቸው የሚሞቅ ክፍል አለ። ሳይሠሩም ይሞቃሉ። ለምሳ ሲወጣ ይጥፉ። በተለይ ዓርብ። የዓርብ ምሳ ሰዓት ለጁምዓ ስለሚራዘም ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ቢሮ ውስጥ ዕቃው በርቶ ይቆያል። የዓርብ ማታም የተለየ ነው፤ ዓርብ ያልጠፋ ሰኞ ጠዋት ነው የሚጠፋው።

ለዘበኞቹ ዝርዝር ስጧቸው። «ሁሉንም አጥፉ» አትበሏቸው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ዘበኛን «ጋሼ፣ ኮሪደሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ለምን አያጠፉትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ አጥፋ ያለኝ የለም፤ ነክቼ ብጠየቅስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የሚጠፋው በቀይ፣ የማይነካው በአረንጓዴ ቀለም ማብሪያው ላይ ይለጠፍ። የኃላፊው ደብዳቤ ግልባጭ በእጃቸው ይሁን። ያኔ ማንም አይወቅሳቸውም።

5. ቡና፣ ሻይና ክበብ

ይህን ለብቻው ያደረግኩት ወሎ ውስጥ ቡና ሳይነሳ የቢሮ ወጪ ስለማይነሳ ነው። ቡናውን አትንኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካው ይቀጥል። የሚለወጠው ምድጃው ነው።

1500 ዋት ምድጃ ለጀበናና ለሻይ ተብሎ 3 ሰዓት በርቶ ቢቆይ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ማፍላት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ይጠይቃል። ደሴ ላይ እንዲያውም ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከፍታው 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ። ስለዚህ ውሃውን በማንቆርቆሪያ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጡ። ምድጃው ለጀበናው ብቻ ይብራ፣ ሲያበቃ ይጥፋ።

ክበቡ እንጀራ የሚጋግር ከሆነ በየቀኑ ጥቂት ከመጋገር በሁለት ቀን አንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል። ምጣዱ ብዙ የሚበላው መጀመሪያ ሲግል ነው። አንዴ ከጋለ እየተከታተለ ቢጋገርበት ያ ኃይል በከንቱ አይባክንም። ጨርሰው ከማውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብለው ቢያጠፉት የመጨረሻዋ እንጀራ በቀረው ሙቀት ትበስላለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ምድጃ፣ ማሞቂያና ምጣድ በዲቫይደር አይሰኩ። ብዙ ዲቫይደሮች ይህን ያህል ጭነት አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ቢሮ ይቃጠላል። ሰነድ ክፍል ውስጥ ምንም የሚያሞቅ ዕቃ አይግባ።

6. መብራቱን ቀይሩ፣ ግን በቅደም ተከተል

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትግዙ። ብዙ ሰዓት ከሚበሩት ጀምሩ፤ ግቢ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ የሕዝብ መጠበቂያ። በሳምንት አንዴ የሚከፈት መጋዘን ወረፋ ይጠብቅ።

ምሳሌ እንውሰድ። 60 ፍሎረሰንት ያለው ጽሕፈት ቤት ከ45 ዋት ወደ 18 ቢወርድ በአንዱ 27 ዋት ይቆጥባል። በ60 ሲባዛ 1620 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ከበራ 285 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በአሁኑ ታሪፋችሁ አባዙትና ለግዥ ክፍል ያንን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

ኤልኢዲው በአሮጌው ፍሎረሰንት ቦታ ሲገባ ስታርተሩ (ፍሎረሰንቱን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) መውጣት አለበት፣ እንደ ዕቃው ዓይነት ባላስቱም ከመስመር ይወጣል። ባላስቱ እንዳለ ከቀረ ጥቂት ዋት መብላቱን ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ኤልኢዲም በቶሎ ይቃጠላል። ይህን ባለሙያ ይሥራው። የወጡትን ፍሎረሰንቶች አትስበሩ፤ ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። አዲሶቹ በመጡበት ካርቶን አሽጋችሁ የተቆለፈ ቦታ አስቀምጡ።

አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት መስኮቱን እጠቡ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀቡ። መስኮቱን የጋረደውን የፋይል መደርደሪያ አንሱ። ብዙ ቢሮ ቀን መብራት የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው።

7. ብርድና ሙቀት

እዚህ ላይ ደጋና ቆላ ይለያያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው።

*ደሴና ሌሎች ደጋ ቦታዎች።* ከጦሳ የሚወርደው ብርድ የሚገባው በላሜራ መስኮቱ ዳር ነው። ማስቲሹ ደርቆ የወደቀበትን መስታወት እንደገና ለስኑ። የተሰበረውን ተኩ። በሩ ሥር የጎማ መዝጊያ አድርጉ። ይህ ሳይደረግ ማሞቂያ ማብራት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ቀጥሎ ፀሐይን ተጠቀሙ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል መስኮት ያላቸው ክፍሎች በብርዱ ወራት ይሞቃሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ሰዎችን ወደዚያ አዛውሩ፣ መዝገብ ቤትና ዕቃ ቤትን ወደ ሰሜኑ። መጋረጃ ጠዋት ይከፈት፣ 10:00 ሰዓት አካባቢ ይዘጋ። ከዚህ በኋላም የሚበርዳት ሠራተኛ ካለች ማሞቂያ ይፈቀድላት፤ ሰው አይቀዝቅዝ። ሰዓቱ ግን የተወሰነ ይሁን።

*ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ቆቦ።* እዚህ ጠላታችሁ ጣሪያውና የምዕራብ መስኮቱ ነው። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ከሌለ የክፍል ማቀዝቀዣ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ኮርኒስ ካለም በላዩ ያለው ሙቅ አየር መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ፣ እስኪያድግ መከለያ አድርጉ። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት፤ ሙቀቱ አንዴ መስታወት ካለፈ መጋረጃ አይመልሰውም። ማቀዝቀዣ ካላችሁ 25 ዲግሪ ላይ አድርጉት፣ ማጣሪያውን በየወሩ እጠቡ። ማራገቢያ አብሮ ከሠራ 25 ዲግሪ ይበቃል።

8. ጀነሬተሩ

ጀነሬተር ላይ ሦስት ነገር አያለሁ፤ መጠኑ ከሥራው በላይ ነው፣ ሁሉንም መስመር ይመግባል፣ መብራት መጥቶም አይጠፋም።

ከመዝገብ ጀምሩ። በተነሳ ቁጥር የተነሳበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ የተቀዳው ሊትር ይጻፍ። በ8 ሰዓት 40 ሊትር ከሆነ በሰዓት 5 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር ወር ከወር ሲዘል ወይ ሞተሩ ታሟል፣ ወይ መዝገቡ ልክ አይደለም። ሁለቱም መታወቅ አለባቸው።

ቀጥሎ ጭነቱ ይለካ። 50 ኬቪኤ ጀነሬተር ወደ 40 ኪሎዋት መሸከም ይችላል። ቢሮው የሚፈልገው 5 ኪሎዋት ከሆነ፣ ሞተሩ አብዛኛውን ናፍጣ የሚያቃጥለው ራሱን ለማዞር ነው። ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በደንብ ስለማይግል ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥቀርሻ ያጠራቅማል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ዕድሜው ያጥራል። በሌላ በኩል ቱርቦ የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ ላይ ከአቅሙ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል። ስለዚህ አዲስ ሲገዛ ሻጩ የነገራችሁን አቅም እንዳለ አትውሰዱ፤ የተለካ ጭነታችሁንና ከፍታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት። ያኔ «ለማንኛውም» ተብሎ ሁለት እጥፍ አይገዛም።

ከዚያ ባለሙያው መስመሮቹን ለሁለት ይክፈላቸው። ጀነሬተሩ የሚመግበው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይሁን፤ ክትባት ማቀዝቀዣ፣ የሕዝብ አገልግሎት መስኮት፣ ኔትወርክ። ምድጃና ማሞቂያ ከጀነሬተር መስመር ይውጡ። የሚፈለገው ጥቂት ላፕቶፕና የኔትወርክ ዕቃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጀነሬተር አያስፈልግም። መብራት ሲኖር የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቢሮ ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር መሣሪያ) ለጥቂት ሰዓት ይበቃል።

የመጨረሻው ርካሽ ዘዴ ነው። መብራት መጥቶ ጀነሬተሩ የሚቀጥለው ማንም ስለማያውቅ ነው። ከመስመር መቀያየሪያው (ሕንጻውን ከዋናው መስመር ወደ ጀነሬተር ከሚያዞረው ማብሪያ) በፊት፣ በዋናው መስመር በኩል አንዲት ምልክት አምፖል ባለሙያው ይትከል። ዘበኛው ከሚያያት ቦታ ትሁን። በራች ማለት መብራት መጣ ማለት ነው፤ ጀነሬተሩ ይቁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጀነሬተር ያለ መስመር መቀያየሪያ በፍጹም አይገናኝ። ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ተመልሶ ምሰሶ ላይ የሚሠራን ሰው ይገድላል። ኮሪደር ወይም ዝግ ክፍል ውስጥም አይነሳ። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

9. መኪናው

ስምሪት ላይ የሚገኘውን ቁጠባ ከአምፖል አታገኙትም።

ሐሙስ ከሰዓት የሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ይስፈር። ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርት አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነ በአንድ መኪና ይሂዱ። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 240። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበሉ ሦስት መኪኖች ቢሄዱ 86 ሊትር ነው። አንዱ ቢሄድ 29። የተረፈው 57 ሊትር ከ150 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጉዞ። ደብዳቤ ለማድረስ ወይም ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ከሆነ ደግሞ መኪናው አይንቀሳቀስ፤ ስልክና ቴሌግራም አለ።

ሾፌሩ ኃላፊውን ሲጠብቅ ሞተር ያጥፋ። ቆሞ የሚሠራ ፒክ አፕ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ያቃጥላል።

የጎማ አየር በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ልኩ ሾፌሩ በር ዳር ተለጥፏል። የላላ ጎማ መኪናውን ወደ ኋላ እንደመጎተት ነው። የአየር ማጣሪያውም በኮረኮንች መንገድ ቶሎ ስለሚደፈን ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ይታይ። ጭነት የማይጫንበት የጣሪያ ላይ ብረት ይውረድ፤ ነፋስ ይይዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ቁልቁል ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ ሾፌሮች አሉ። አይቆጥብም። አዳዲሶቹ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ፣ እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሳ፣ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከሁሉ በላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ያ ፍሬን ሐረጎ ላይ ከጋለ ላይመለስ ይችላል። ማርሽ ላይ ሆናችሁ ውረዱ። እባካችሁ።

10. አሁን ሶላር

እስከዚህ ከሠራችሁ ፍጆታችሁ ወርዷል፤ የምትገዙት ሶላርም በዚያው ልክ ያንሳል። ለዚህ ነው መጨረሻ ያደረግኩት። 400 ዋት ፓኔል በእኛ ፀሐይ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ አስቡ። ከእርምጃ 3 ያገኛችሁትን የቀን ፍጆታ በዚያ አካፍሉ።

ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ተዳፋቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሁን። በበጋ አቧራው በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ፓኔሉ ሳይግል ይጠረግ። የመሬት መስመር (ኧርዝ) የግድ ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ መቆጣጠሪያው ይስተካከል፤ ብዙ የሶላር ሥራ የሚበላሸው ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ሞቶ ነው። ባትሪው የሚተካበት ወጪ ከመጀመሪያው በዕቅድ ይያዝ። መስመር ላልደረሳቸው የገጠር ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች ግን ሶላር የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

11. በበጀት ውስጥ አስገቡት

«ከቆጠብን የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይቀነስብናል» የሚል ስጋት አለ። እውነተኛ ስጋት ነው። መፍትሔው የተቆጠበው ምን ላይ እንደሚውል አስቀድሞ መጻፍ ነው። የሐምሌ 1 በጀት ሲዘጋጅ ከነዳጅ ወይም ከመብራት የሚተርፈው ለኤልኢዲ፣ ለማስቲሽ፣ ለባትሪ እንዲውል በዕቅዱ ላይ ይስፈር። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ከሆናችሁ ፋይናንስን የበጀት ዝውውር ጠይቁ፤ የእርምጃ 1ን ገጽ አባሪ አድርጉ።

የግዥ መግለጫችሁም ይቀየር። «ኮምፒውተር» ብሎ ከመጻፍ «ላፕቶፕ»፣ «አምፖል» ከማለት «ኤልኢዲ ከነዋቱና ከነዋስትናው»። መግለጫው ይህን ካልዘረዘረ ርካሹ ያሸንፋል፣ ርካሹ ደግሞ በወሩ ይቃጠላል።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- *አንድ ወር አይቶ መወሰን።* ጥቅምትን ከመስከረም አታወዳድሩ። ጥቅምትን ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር አወዳድሩ።
- *አምፖል መንቀል።* ሁለት ካሉት አንዱን ነቅሎ ሠራተኛን በጨለማ ማስቀመጥ ቁጠባ አይደለም። ሰው ሌላ አምፖል ከቤቱ ያመጣል፣ ያውም ቢጫውን።
- *ማስታወቂያ ለጥፎ መርሳት።* «መብራት ያጥፉ» የሚለው ወረቀት በሁለተኛው ሳምንት አይታይም። በእሱ ቦታ የወሩን ንባብ ለጥፉ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር አጠገብ።
- *ሥራውን ለአንድ ሰው መጣል።* ያ ሰው በዝውውር ሲሄድ ደብተሩም ይሄዳል። ደብተሩ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፣ ሁለት ሰው ይወቀው።
- *የማታ ንባቡን አንዴ ወስዶ መተው።* በሦስት ወር አንዴ ድገሙት። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥርም።